ክርክሩን ከረን እንጨርሰዋለን

ይህን የምጽፈው በመጋቢት 1980 ዓ.ም. ኤርትራ ውስጥ ከአፍአበት ውጊያ በሕይወት ከወጡት አንዱ ስለሆንኩ ነው። ያኔ ማዕረጌ አስር አለቃ፣ ሙያዬ መገናኛ ነበር። አሁን የምኖረው አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ነው። በዚህ አካባቢ ያለን የቀድሞ ሠራዊት አባላት ለቅሶ ቤት ስንቀመጥም ሆነ ሠርግ ላይ ስንገናኝ ወሬው ዞሮ ዞሮ ናደው ዕዝ ላይ ያርፋል። ማን አስመታው? ማን ሸጠው? አንዱ ሩሲያ ናት ይላል፣ አንዱ ካድሬው ነው ይላል፣ ሌላው ጄኔራሎቹን ይከሳል። በዚህ የተነሳ የአንድ ዕድር ሰዎች ሲኮራረፉ አይቻለሁ። ክርክሩን አልጠላውም፤ እኔም እገባበታለሁ። ግን በዚያ ጩኸት መሃል የሆነው ነገር እየተረሳ ነው። ስለዚህ ያየሁትን በተራው አስቀምጣለሁ። ጦርነት ለሚያምራቸው ወጣቶችም፣ በጦርነት ውስጥ ላሉትም ይጠቅም ይሆናል።

ናደው ዕዝ ናቅፋን ከያዘው ሻዕቢያ ጋር ለዓመታት ተፋጦ የኖረ ጦር ነው። በ1974ቱ የቀይ ኮከብ ዘመቻ ናቅፋ ሳትያዝ ስትቀር ጦሩ ተራራ ለተራራ ምሽግ ቆፍሮ ተቀመጠ። ቁጥሩ ወደ 20 ሺህ ይገመታል። አፍአበት የዚያ ሁሉ ሰው ጓዳ ነበረች፤ ጥይቱም፣ ነዳጁም፣ ዱቄቱም የሚራገፈው እዚያ ነው። እኔ የነበርኩበት ብርጌድ በሕዳይ ሸለቆ በኩል ነበር። ከብሔራዊ ውትድርና የመጡ ልጆች ከድሮዎቹ ወታደሮች ጋር አብረው ይኖሩ ነበር፤ አንዳንዶቹ ምሽግ ውስጥ ጢም አበቀሉ።

የአመራሩን ነገር መናገር አለብኝ፤ በኋላ ለሚመጣው ያስፈልጋል። በየደረጃው ሦስት ሰው ነበር፦ አዛዡ፣ የፖለቲካ ኃላፊውና የደህንነቱ ሰው። ሦስቱም ወደ ላይ የሚያመለክቱት ለየራሳቸው አለቃ ነው። እኛ ጋ አንድ ከበድ ያለ መልእክት ከመላኩ በፊት በሦስቱም እጅ ያልፍ ነበር። እኔ የምልከው ሦስቱ የተስማሙበትን ነው። ሦስት ሰው የሚስማማበት ደግሞ ብዙ ጊዜ ማንንም የማያስቆጣ ቃል ነው።

በየካቲት 1980 የዕዙ አዛዥ ብርጋዴር ጄኔራል ታሪኩ ዓይኔ በመንግሥቱ ኃይለ ማርያም ትእዛዝ ተረሸኑ። ወሬው ምሽጉ ድረስ የደረሰው ወዲያው ነው። ማንም ጮክ ብሎ አላወራውም። እኔ ለውጡን ያየሁት በወረቀት ላይ ነው። ከዚያ በፊት «ጠላት በግራ ክንፋችን ኃይል እያከማቸ ነው፤ ተጠባባቂ እንጠይቃለን» የሚል ረቂቅ ሲጻፍ ተስተካክሎም ቢሆን ይላክ ነበር። ከዚያ ወዲህ ረቂቁ «የጠላት እንቅስቃሴ አለ፤ በቁጥጥር ሥር ነው» ሆኖ ይመለስልኛል። ማንንም ለይቼ አልወቅስም። አንድ ጄኔራል በተረሸነበት ወር መጥፎ ዜና ላይ ፊርማውን የሚያኖር ሰው ማግኘት ከባድ ነው።

መጋቢት 8 ንጋት ላይ መድፍ ጀመረ። በዚያ ግንባር መድፍ እንግዳ አይደለም፤ የዚያን ቀኑ ግን አላቋረጠም፣ በሦስት አቅጣጫም ነበር። ረፋዱ ላይ ከጎናችን ካሉት ክፍሎች የሁለቱ ሬዲዮ ዝም አለ። የእኛ ብርጌድ እስከ ማታ ተዋጋ። በደንብ ተዋጋ፤ ይህን የምለው ዛሬ «ጦሩ ሳይተኩስ ሸሸ» የሚሉ ስላሉ ነው። እነሱ እዚያ አልነበሩም።

በማግስቱ ወደ አፍአበት እንድናፈገፍግ ትእዛዝ መጣ። ታንኩ፣ መድፍ የሚጎትተው ካሚዮን፣ ቁስለኛ የጫነው ካሚዮን፣ ሁሉም በአንድ መንገድ ተሰለፈ። ወደ 70 የሚጠጋ ተሽከርካሪ ነበር። እኔ ከኋላ በኩል ከነበሩት በአንዱ ላይ ተሳፈርኩ። መንገዱ በሁለት ተራራ መሃል ገብቶ እጅግ ይጠብባል። እዚያ ጠባብ ላይ ስንደርስ የፊቶቹ ተመቱና መንገዱ ተዘጋ። ወደ ፊት መሄድ አይቻልም፣ መዞሪያ ቦታም የለም። ሻዕቢያ ከላይ ሆኖ ተራ በተራ ይመታን ጀመር። ሾፌሮቹ ሞተር እያጠፉ ወረዱ። የሚችል ሁሉ ወደ ቋጥኙ ሮጠ።

ከዚያ አውሮፕላኖች መጡ። የራሳችን ናቸው። መጀመሪያ ተራራው ላይ ያለውን ጠላት ሊመቱልን መስሎን አጨበጨብን። የመቱት ግን ሰልፋችንን ነው። መሣሪያው በጠላት እጅ እንዳይገባ መውደም ነበረበት። ሰልፉ ውስጥ ገና ያልወረዱ ቁስለኞች ነበሩ። በዚያች ሰዓት ፈራሁ፤ በሕይወቴ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም።

ስለዚህ ድብደባ ቨርጂኒያ ውስጥ ሁለት ወገን አለ። አንደኛው የጦርነት ሕግ ነው፣ መሣሪያህን ለጠላት አትተውም ይላል። ሌላው ወንጀል ነው ይላል። እኔ ከሥሩ የነበርኩ ሰው ነኝ፤ ታንኩን ማቃጠል ትክክል ሊሆን ይችላል፣ ቁስለኛው ካሚዮኑ ላይ መኖሩን ለአብራሪው የነገረው ሰው ግን አልነበረም። መንገሪያው የመገናኛ መስመር ነበር፤ የእኔ ሙያ። መስመሩ ከሞተ ሰዓታት አልፈው ነበር።

ሲመሽ አንድ ጉድባ ውስጥ ተጠራቅመን ነበር። ከተለያየ ክፍል የመጣን ነን። ከመካከላችን አንድ ሻምበል፣ አንድ የፖለቲካ ካድሬ፣ አንድ የመቶ አለቃ፣ የካሚዮን ሾፌር፣ ሃምሳ አለቆች፣ ከብሔራዊ ውትድርና የመጡ ልጆችና ጭኑን የተመታ አንድ ወታደር ነበሩበት። የጀርባ ሬዲዮዬ ከእኔ ጋር ነው። ባትሪው ደክሟል። የኮድ ደብተሬን አቃጥዬ ያልተጻፈባቸውን ገጾች ብቻ ኪሴ ከትቻለሁ።

ክርክሩ የተጀመረው እዚያ ነው። ቃል በቃል ባላስታውሰውም ዓይነቱን አልረሳውም። የመቶ አለቃው ሩሲያዎቹን ወቀሰ፤ ምክር ሰጥተው ሰጥተው በመጨረሻ ጥለውን ሄዱ አለ። (በዚያ ውጊያ ሦስት የሶቪየት መኮንኖች መማረካቸውን የሰማነው በኋላ ነው።) ካድሬው ይህ የሆነው በውስጥ ባሉ ከሃዲ መኮንኖች ነው አለ። ሾፌሩ ብድግ አለና «ጄኔራሉን የበላችሁት እናንተ አይደላችሁም?» አለው። አንድ ሌላ ሰው ደግሞ ጦሩ ግማሹ ኦጋዴን ተቀምጦ ሶማሌን ይጠብቃል፣ እኛ እዚህ እናልቃለን አለ። ከዚያ ምን እናድርግ ወደሚለው ተዛወረ። እዚሁ ሆነን ትእዛዝ እንጠብቅ፤ አፍአበት እንግባ፤ እጅ እንስጥ። እጅ እንስጥ ያለው ልጅ ላይ ካድሬው ሽጉጡን አወጣ። ሾፌሩ ክላሹን አቀባበለ።

ዛሬ በየድግሱና በየለቅሶው የምሰማው ክርክር ሁሉ፣ የጦር ስልቱም፣ የውጭ ጉዳይ ፖሊሲውም፣ የፓርቲ ክሱም፣ ያን ምሽት እዚያ ጉድባ ውስጥ ተብሏል። ከዚያ ወዲህ የተጨመረበት ብዙ የለም።

ከሃምሳ አለቆቹ አንዱ በዕድሜ ይበልጠናል። በ1970 ካራማራ ላይ የተዋጋ ሰው ነው። ጥግ ላይ ተቀምጦ ጫማውን እያጠበቀ ነበር። ጨረሰና ተነስቶ በሁለቱ መሣሪያ መሃል ቆመ። ቀጥሎ ያደረገውን ብዙ ጊዜ ደግሜ አስቤዋለሁ፤ ስለዚህ ሳልቸኩል ልናገረው።

በመጀመሪያ ወደ ሻምበሉ ዞረ። «ጌታዬ፣ ይፈቅዱልኛል?» አለ። ሻምበሉ ራሱን ነቀነቀ። በዚያ ሰዓት ማዕረግ ማለት ትከሻ ላይ ያለ ጨርቅ ነው ብሎ መናቅ ይችል ነበር፤ ሌላ ቦታ እንደዚያ ሆኗል። እሱ ግን አስፈቀደ። በዚህም ሻምበሉን ከጎኑ አደረገው፣ እኛም የምንታዘዘው መኮንን እንዳለን አስታወሰን።

ቀጥሎ ለካድሬውና ለሾፌሩ፣ «ሁላችሁም እውነት ሊኖራችሁ ይችላል። ክርክሩን ከረን እንጨርሰዋለን። እዚህ ግን የምንከራከርበት ውሃ የለንም» አላቸው። ማንም አልሳቀም። ግን ሽጉጡ ወደ አፎቱ ተመለሰ።

ከዚያ ይጠይቅ ጀመር። ውሃ ያለው ማነው? ኮዳችሁን አምጡ። ሁሉንም አንድ ጄሪካን ውስጥ ገለበጠ። ግማሽ እንኳ አልሞላም። ጄሪካኑን ለካድሬው አሸከመ። የኮዳ ክዳን ለሾፌሩ ሰጠና «አንተ ትሰፍራለህ» አለው። የተሸከመው ሳይሰፈር መጠጣት አይችልም፤ የሚሰፍረው ያለ ተሸካሚው የሚሰፍረው የለውም። ሁለቱ እስከ መጨረሻው አብረው ሄዱ። ሲነጋገሩ ብዙ አልሰማሁም፤ ግን ጎን ለጎን ነበሩ።

ከዚያ ወደ እኔ መጣ። «መገናኛ፣ አፍአበት ምን ትላለች?»

«አትመልስም» አልኩት።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከቀትር ጀምሮ። ከረንም አይሰማኝም። የሚሰማኝ ትግርኛ ብቻ ነው፤ በእኛ ሞገድ ላይ።»

ለአፍታ ዝም አለ። «እንግዲህ አፍአበት የለችም ማለት ነው» አለና ወደ ሻምበሉ ዞሮ ያንኑ ነገረው። ሻምበሉም «የለችም» አለ። አለቀ።

በውትድርና ዘመኔ መጥፎ ዜና እንዳለ ተቀብሎ፣ ሳያለዝብ፣ ማን ይቆጣል ሳይል በዚያው ቅጽበት ውሳኔ ያደረገበት ሰው ያየሁት ያኔ ነው። ያ መልእክት በሦስት እጅ ቢያልፍ ኖሮ «ከአፍአበት ጋር የመገናኛ ችግር አለ» ይሆን ነበር። እኛም የመገናኛው ችግር እስኪፈታ ድረስ እንጠብቅ፣ ወይም ወደ አፍአበት እንሄድ ነበር። መጋቢት 11 ላይ ከተማዋ ሙሉ በሙሉ በሻዕቢያ እጅ ገብታ ነበር። ወደዚያ ያቀኑትን አብዛኞቹን ዳግመኛ አላየናቸውም።

ቀጣዩ ጥያቄ መንገድ ነበር። ዋናው መንገድ በመስሓሊት በኩል ወደ ከረን ይወጣል፤ ሁሉም ሰው የሚያውቀው እሱን ነው፣ ሻዕቢያም ያውቀዋል። ከብሔራዊ ውትድርና ልጆች አንዱ ከአንድ ዓመት በፊት ከረን ሆስፒታል ተኝቶ ነበር። የአንሰባ ወንዝ በከረን አጠገብ አልፎ ወደ ሰሜን እንደሚወርድ ያውቃል። ወደ ምዕራብ ሄደን አንሰባን ካገኘን፣ አሸዋውን ሽቅብ ተከትለን ከረን እንገባለን አለ። ልጁ ገና ጉርምስናውን አልጨረሰም። የመቶ አለቃው «አንተ ደግሞ ካርታ ታነባለህ?» ብሎ ሊገስጸው ሲል ሃምሳ አለቃው እጁን አነሳ። «ሌላ የሚያውቅ አለ?» አለ። አልነበረም። «እንግዲህ ልጁ ይመራናል።»

ጥይት ከአፈሙዝ እንድናወጣ፣ የሚያንኳኳ ነገር ሁሉ በጨርቅ እንድንጠቀልል አዘዘን። ቁስለኛውን በሁለት ዱላና በካፖርት ቃሬዛ ሠርተን ያዝነው። በጨለማ ወጣን።

ሌሊት እንሄዳለን፤ ቀን ቋጥኝ ሥር እንተኛለን። ሾፌሩ ጠዋትና ማታ በክዳን ይሰፍራል። ኮቾሮ የነበረው አካፈለ፤ ያለ ውሃ ግን ኮቾሮ ጉሮሮ አይወርድም። ከኋላችን በአፍአበት በኩል ፍንዳታ ይሰማ ነበር። ቁስለኛው በሁለተኛው ሌሊት ሞተ። በድንጋይ ሸፈንነው። ከኮድ ደብተሬ በተረፈው ገጽ ላይ ስሙን፣ ክፍለ ሀገሩን፣ የአባቱንና የቀበሌውን ስም ጻፍኩ። ሃምሳ አለቃው አየኝና «ሁላችንንም ጻፈን። በሕይወት ያለነውንም» አለኝ። በየዕረፍቱ እየጠየቅሁ ጻፍኳቸው። ካድሬው ስሙን ሲነግረኝ ያደገበትን ደብርም ጨመረልኝ፤ ይህን ከካድሬ አልጠበቅኩም ነበር።

ጄሪካኑ ባዶ በሆነበት ቀን አንድ ሽማግሌ እረኛ አገኘን። ትግረ ተናጋሪ ናቸው። ከእኛ ልጆች ትግርኛ የሚያውቀው አንዱ እንደምንም አናገራቸው። ሃምሳ አለቃው መሣሪያችንን ራቅ አድርገን እንድናስቀምጥ አደረገና ባዶ እጃችንን ቀረብን። ሽማግሌው አንድ በአንድ አዩን። ከዚያ በእሾህ የተከደነ ጉድጓድ አሳዩን፤ በሱ ላይ የነበረውን እሾህ በገዛ እጃቸው አነሱት። ጠጣን፤ ሞላን። ገንዘብ አውጥተን ብንሰጣቸው አልቀበል አሉ። ወዴት እንደምንሄድ አልጠየቁም፤ ወዴት መሄድ እንደሌለብን ግን በበትራቸው አመለከቱን። እኔ ዛሬ ልጆችና የልጅ ልጆች አሉኝ። ሁሉም ያሉት እኒያ ሽማግሌ እሾሁን ስላነሱልን ነው።

ይህን አስቀድሜ የምናገረው ሁለት ወር ሳይሞላ ምን እንደሆነ ስለማውቅ ነው። በግንቦት 1980 ሸዕብ በሚባል ቦታ የእኛ ጦር በመቶዎች የሚቆጠሩ ሲቪሎች ገደለ። የሞቱት እንደ እኒያ ሽማግሌ ትግረ ተናጋሪዎች ናቸው። እኛ የቀድሞ ወታደሮች በምንከራከርበት ጠረጴዛ ላይ አፍአበት በየሳምንቱ ይነሳል፣ ሸዕብን ግን አንስቶ የሚያወራ አልገጠመኝም። እኔ ስጠራው ዝም ይባላል።

አንሰባን ያገኘነው ሌሊት ነው። መጋቢት ላይ ከላይ አሸዋ ብቻ ነው፤ በሳህንና በብረት ቆብ ሲቆፈር ግን ውሃ ያወጣል። ያ ልጅ እውነቱን ነበር። ከዚያ በኋላ የውሃ ጭንቀት ቀረ። ሽቅብ ተከትለነው የከረን ዳርቻ ስንደርስ ሃምሳ አለቃው ሊነጋ ሲል አስቆመን። በጨለማ ብንጠጋ የራሳችን ጥበቃ ይመታናል አለ። ብርሃን ሲሆን መሣሪያችንን ከራሳችን በላይ በሁለት እጃችን ይዘን፣ እየተጣራን ገባን።

ከረን ገብተን ክርክሩን የቀጠለ ሰው አልነበረም። ሁሉም የወደቀበት ተኛ።

ከእንቅልፋችን በኋላ ጥያቄ መጣ። ማን ነው ግንባር ለቃችሁ እንድትወጡ ያዘዘው? ለየብቻ አስቀምጠው ወረቀት ሰጡን። በዚያ ሰሞን ለዚህ ጥያቄ የሚሰጥ መልስ ሰው ያስረሽን ነበር። ሃምሳ አለቃው «እኔ ነኝ» ብሎ ሊጽፍ እንደተዘጋጀ አውቅ ነበር። ሻምበሉ ቀደመው። «ትእዛዙን የሰጠሁት እኔ ነኝ፤ ሌላው የእኔን ትእዛዝ ፈጸመ» ብሎ ፈረመ። ካድሬው ደግሞ በራሱ ወረቀት ይህንኑ አረጋገጠ። የፖለቲካ ሰው ምስክርነት ሲጨመርበት ነገሩ በዚያው ቆመ። ያን ሌሊት ጉድባው ውስጥ ማስፈቀዱ ያዳነን በጉዞው ብቻ አልነበረም፤ ከረን ላይም አዳነን።

መጋቢት 25 ቀን ኢትዮጵያና ሶማሊያ መስማማታቸውን በሬዲዮ ሰማን። ጦራቸውን ከድንበር ያርቃሉ፣ ምርኮኛ ይለዋወጣሉ፣ አንዱ የሌላውን ተቃዋሚ መርዳቱን ያቆማል። ብዙም ሳይቆይ ከኦጋዴን የተነሱ ክፍሎች ወደ ሰሜን መምጣት ጀመሩ። ሃምሳ አለቃው ጦሩ ሲወርድ እያየ «ከሁለት ሳምንት በፊት ቢሆን ኖሮ» አለ። ስለ ውጭ ጉዳይ ፖሊሲ ሲናገር የሰማሁት ያን ብቻ ነው። ስምምነቱ ለሶማሌዎቹም ሰላም አላመጣም። ከኢትዮጵያ መሬት እንዲወጡ የተገደዱት የሶማሊያ አማፂዎች በዚያው በግንቦት ሐርጌሳንና ቡርኦን አጠቁ፤ ሲያድ ባሬም ከተሞቹን በአውሮፕላን ደበደበ። ሁለት የተጨነቁ መንግሥታት ሲታረቁ በመካከል ያለ ሕዝብ ምን እንደሚከፍል ያኔ አላሰብነውም።

ከዚያ ወዲህ ያለውን አንባቢ ያውቀዋል። የካቲት 1981 ሽሬ፣ በዚያው ዓመት ግንቦት መፈንቅለ መንግሥቱ፣ የካቲት 1982 ምጽዋ። ሃምሳ አለቃው ምጽዋ ቀረ። ግንቦት 13 ቀን 1983 መንግሥቱ ከአገር ሲወጣ እኔ እዚያው ኤርትራ ውስጥ ነበርኩ። በአስር ሺዎች ከሚቆጠሩ ወታደሮች ጋር በምዕራቡ ቆላ አድርጌ ከሰላ ገባሁ። ሱዳን ውስጥ በስደት ቆይቼ ወደ አሜሪካ መጣሁ። ያ ጉዞ ራሱን የቻለ ምስክርነት ይፈልጋል፤ እዚህ አልገባበትም።

እንግዲህ ወደ ቨርጂኒያው ክርክር ልመለስ። ስልት የሚያውቁት መኮንኖች ጥፋቱ ያን ያህል ጦር ለዓመታት አንድ መስመር ላይ ማስቀመጡ ነው ይላሉ። ስንቁና ጥይቱ ሁሉ አንድ ከተማ ውስጥ ታጨቀ፤ ያቺ ከተማ ስትወድቅ ሻዕቢያ በእኛው መድፍና በእኛው ጥይት ወጋን። እውነት ነው። የውጭ ፖሊሲ የሚወዱት ደግሞ ከ1969 ይጀምራሉ። የካርተር መንግሥት በሰብዓዊ መብት ምክንያት የጦር እርዳታ ቀነሰብን፣ ደርግ አሥመራ የነበረውን የአሜሪካ ቃኘው ጣቢያ ዘጋ፣ ሞስኮ ገባን፤ ጎርባቾቭ ሲመጣ ደግሞ ሞስኮን ሰለቸናት። ይህም እውነት አለበት። እዚህ ያለው ክርክር እንዲያውም ወደ አሜሪካ ምርጫ ተሻግሯል። አንዱ ካርተርን አስቦ ዲሞክራቶችን አይመርጥም። ሌላው በ1983 የለንደኑን ድርድር የመራውን የቡሽ መንግሥት ባለሥልጣን ኸርማን ኮኸንን አስቦ ሪፐብሊካኖችን አይመርጥም። ሁለቱ አንድ ምሽግ ውስጥ የነበሩ ሰዎች ናቸው።

እንግሊዛዊው የታሪክ ጸሐፊ ባዚል ዴቪድሰን የአፍአበትን ድል ፈረንሳይ በ1954 እ.ኤ.አ. ቬትናም ውስጥ ከተሸነፈችበት ከዲየን ቢየን ፉ ጋር አመሳስሎታል። ይህ ሲነሳ ብዙዎች ይቆጣሉ። የሚያስቆጣቸው የሽንፈቱ መጠን አይደለም። ንጽጽሩን መቀበል እዚያ አገር ውስጥ እንደ ፈረንሳይ ባዕድ ነበርን ብሎ መቀበል ስለሚመስላቸው ነው። ክርክሩ ስለ ጦር ስልት መስሎ ስለ ማንነት የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። ለዚህም ነው የማያልቀው።

እኔን ሲጠይቁኝ ከሁሉም ወገን ትንሽ ትንሽ እቀበላለሁና አንድ ነገር እጨምራለሁ። በእኔ ሬዲዮ በኩል መጥፎ ዜና ወደ ላይ መውጣት አቁሞ ነበር። ስልት የሚያወጣውም፣ ከሶማሊያ ጋር መቼ ልታረቅ ብሎ የሚያሰላውም ሰው የሚሠራው በሚደርሰው ወሬ ነው። የሚደርሰው ደግሞ «በቁጥጥር ሥር ነው» የሚል ነበር። አንዳንዱ ይህን ስል «አንተ ተራ አስር አለቃ፣ ይህን ከየት አወቅህ?» ይለኛል። መልእክቱን የላክሁት እኔ ነኝ።

ያ የኮድ ደብተር ገጽ አሁንም እኔ ጋ ነው። በላዩ የተጻፉት ብዙዎቹ በኋላ በሌላ ቦታ ወድቀዋል። በዚያ ዘመን የወታደር ሞት ለቤተሰብ አይነገርም ነበር፤ ደመወዙ ሲቋረጥ ነው የሚታወቀው፣ እሱም ሁልጊዜ አይደለም። ሰው በላክሁ ቁጥር ገጹ ላይ ባለው ቀበሌ አስጠይቄ ለብዙዎቹ ቤተሰብ መርዶ አድርሻለሁ። የሃምሳ አለቃው እናት በሕይወት ሳሉ ደርሶላቸዋል። ዓመታት እያለፈም ቢሆን ድንኳን ጥለው አለቀሱት፤ ተዝካሩንም አወጡ።

ጥቂት ስሞች ቀርተዋል፤ ቀበሌው ስሙ ተለውጦ ወይም ቤተሰቡ ተነስቶ ያላገኘኋቸው። መንገዱን ያሳየን ልጅ ከእነሱ አንዱ ነው፤ ከከረን ወደ ሌላ ክፍል ተመድቦ ከሄደ በኋላ ወሬው ጠፋ። ከወሎ ነው የመጣው። ቀጣዩ ስብሰባችን ላይ ገጹን ፎቶ ኮፒ አድርጌ ለሁሉም አድላለሁ። የስልቱም ሰው፣ የፖሊሲውም ሰው፣ የፓርቲውም ሰው ዘመድ ወዳጅ አለው፤ በየአውራጃው ያስጠይቅልኝ።